ለሂናው ምሽት መጠጡን ማን ይቻል?

ከሠርጉ በፊት ባለው የሂና ምሽት መጠጡ በነፃ ይቅረብ ወይስ እንግዳው እየገዛ ይጠጣ የሚል ክርክር በየቤቱ አለ። እኛ ግን ጠርተነው የመጣን ሰው «ሒሳብ ክፈል» ማለት ነውር ነው እንላለን። በየጠረጴዛው ውስኪ ለመደርደር ብሎ ባንክ ሚኑስ ውስጥ መግባትስ ምን የሚሉት ክብር ነው? ጎንደር እያለን ጎረቤቱ ጌሾውን ወቅጦ፣ ጠላውን አብሮ ጠምቆ ይደግስ ነበር፤ ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ አይወድቅም። ዛሬም ዘመድ ተከፋፍሎ ጠላውን ይጥመቅ፤ ትንሽ ቢራና ለስላሳ ይጨመርበት፤ ይበቃል። ልጆቻችን ሞቅ ብሏቸው መኪና እንዳይነዱ የማይጠጡ ሰዎች አስቀድመው ይመደቡ። ሙሽሮቹ የሚያስፈልጋቸው ምርቃት እንጂ የወላጅ ዕዳ አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?