«በጥናት ተረጋግጧል!» በማን ልብ ላይ?

ስልክ የከፈተ ሁሉ ያየዋል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ቡናማ ውሃ፣ «ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ውስጡ ያለው ከደባርቅና ከዳባት ደጋ የተለቀመ ጦስኝ ነው፣ ወይም ጤና አዳም፣ ወይም ሻጩ ስሙን የማይናገረው ሥር። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በጥቂት ብር የሚገኘው ቅጠል «ጥናት» የምትል ቃል ስትለጠፍበት መድኃኒት ይሆናል።

ሻጩ ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ዕፅዋት ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች አሉ። ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን፣ ጦስኝ ውስጥ ሉቲዮሊን፣ ጤና አዳም ውስጥ ሩቲን ይገኛል። እንዲያውም ሩቲን ስሙን ያገኘው «ሩታ» ከሚለው የጤና አዳም ወገን የላቲን መጠሪያ ነው። ተመራማሪዎች የልብ ሴሎችን በሳህን ላይ አሳድገው ሆን ብለው ያስቆጧቸዋል። ከዚያ ፍላቮኖይድ ሲጨምሩባቸው ብግነት የሚያቀጣጥሉት ኬሚካሎች ይቀንሳሉ። ይህ በተደጋጋሚ የታየ እውነት ነው።

ግን ሳህን ደረት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሴሎቹ የተገኙት ከአይጥ ልብ ነው። ውህዱ በቀጥታ ይፈስባቸዋል። ሰው ሲጠጣው ግን አንጀትና ጉበት ቀይረውት፣ ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሳህን ላይ የሠራው መጠን በስንት ብርጭቆ ሻይ እንደሚገኝ ጠርሙሱ ላይ የጻፈ ሻጭ አለ?

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተነስታ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለመወጋት የምትመላለስ የልብ ሕመምተኛ ልጅ ናት። በሽታዋ የጀመረው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነቷ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የገዛ ልቧን ቫልቭ አቆሰለ። መርፌው ያማል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርቱ ውድ ነው። ጠርሙሱ ደግሞ «መርፌው ይቅርብሽ» ይላታል። ስታቋርጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ባገረሸ ቁጥር ቫልቩ የበለጠ ይጎዳል። የተበላሸን ቫልቭ የሚጠግን ቅጠል የለም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ያልታወቀ ቅጠል ሲጨምርበት ደሙ ሊፈስ ወይም ሊረጋ ይችላል።

«የአባቶችን እውቀት ናቃችሁ» የሚል መልስ ይመጣል። እንዲያውም እውቀቱን የናቀው ሻጩ ነው። ኮሶ ሲጠጣ በልክ እንደነበር፣ ከልክ ሲያልፍ እንደሚጎዳ አባቶች ያውቁ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ልክ የት አለ? እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ የልብ ድካም መድኃኒት የሆነውን ዲጂታሊስ ያገኘው ከባህል ሐኪም ቅመም ውስጥ ነው። ነገር ግን ለአሥር ዓመት ያህል በሕመምተኞች ላይ መጠኑን ሲከታተል ቆይቶ፣ ያዳነውንም ያልተሳካለትንም ጽፎ በ1785 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያ ተክል ትንሽ ሲበዛ ይገድላል። ለባህል መድኃኒት መከበር ማለት መለካት ማለት ነው።

ተወቃሹ ግን ሻጩ ብቻ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተልዕኮው ገጠር ወርደው ሕዝብ የሚያገለግሉ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ዛሬ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በዕፅዋት ላይ የሚሠራው ጥናት የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «በሰው ላይ ገና መጠናት አለበት» የምትል ዓረፍተ ነገር ደባርቅ አትደርስም። ርዕሱ ግን በሻጩ ስልክ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጥናት በአንድ ገጽ አማርኛ ቢወጣና በሴል፣ በአይጥ ወይስ በሰው ላይ እንደተሞከረ በግልጽ ቢናገር ስንት ገንዘብ ይፈጃል? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንስ «የተረጋገጠ» የሚል ሁሉ ማስረጃውን እንዲያሳይ ለማስገደድ ምን ይጠብቃል?

እስከዚያው ገዢው ሦስት ጥያቄ ይያዝ፦ በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? መጠኑ ስንት ነው? ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ይስማማል? ሻጩ መልስ ከሌለው ጦስኙ ሻይ ነው፣ እንደ ሻይ ይጠጣ። መርፌው ግን በቀኑ ይወጋ።