«እማዬ፣ እኔንም ስታዲየም ውሰጂኝ»

የዛሬው ወጋችን ስለ እግር ኳስ ነው። «የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድን ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ገጹን እንዳታጥፉብኝ። ግቡንና ነጥቡን ለስፖርት ገጽ ባልደረቦቼ ትቼዋለሁ። እኔ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ተመልካቹ፣ በተለይም የልጇን እጅ ይዛ ወደ ስታዲየም ስለምትገባ እናት ነው።

ነገሩ የተጀመረው አዳማ፣ በአንዲት የቅርብ ወዳጄ ቤት ነው። ወዳጄ በአንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ናት። ትልቁ ወንድ ልጅ ለኳስ ደንታ የለውም፤ ከስልኩ ቀና አይልም። የ11 ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ከሰፈር ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ ስትራገጥ ነው የሚመሽባት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ውድድር አዳማ ላይ ለሳምንታት በሰነበተበት አንድ ወቅት፣ ይህች ልጅ «እማዬ፣ እኔንም ስታዲየም ውሰጂኝ» እያለች እናቷን ዕረፍት ነሳቻት።

አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ሴት ልጁ ኳስ መጫወቷንም አልከለከለም። ስታዲየም ሲባል ግን «ያንን ሁሉ ስድብ ልጄ ጆሮ ውስጥ አላስገባም፤ ስታዲየም የሴት ልጅ ቦታ አይደለም» አለ፤ አበቃ። እናትየዋን ያስጨነቃት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ቡና እያፈላች ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ባሏ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ሽንት ቤት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኅቶቼ፣ ይህ ጥያቄ አያስቅም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆው መስመር ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን በማልጠራው ሜዳ፣ ትኬት ቆርጬ ገብቼ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የሴቶች ሽንት ቤት ወደ ተባለው ቤት ብሄድ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ወንዶቹ እንደሚታወቀው ከአጥሩ ጥግ ችግራቸውን ይወጣሉ። እኔ ከግቢው ወጥቼ አንዲት ሻይ ቤት ያለች እናት ለምኜ ተመለስኩ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ «የወጣ አይመለስም» አለኝ። ሁለተኛውን አጋማሽ ከአጥር ውጭ ቆሜ በጩኸቱ ብቻ ተከታተልኩት። ግብ የገባው ለየትኛው ቡድን እንደሆነ እንኳ በማግሥቱ ነው የሰማሁት። ስለዚህ የወዳጄ ጥያቄ ከየት እንደመጣ በደንብ ገብቶኛል።

ስለ አዳማው ሜዳ ጥቂት ልንገራችሁ። አዳማ ከተማ ቀድሞ የሜዳው ጨዋታዎችን ሲያደርግ የነበረው እዚያው ከተማው ውስጥ ባለው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። (አዲስ አበባም በዚሁ በጀግናው ሯጭ ስም የሚጠራ ስታዲየም ስላላት፣ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም።) በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሊጉ አካሄድ ተለወጠ። ቡድኖቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ለሳምንታት መጫወት፣ ጨዋታዎቹም በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። በ2014 ዓ.ም. ተራው ለአዳማ ሲደርስ ውድድሩ የተካሄደው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። ለአዳማ ተመልካች ይህ አዲስ ቤት ነበር።

ይህ ለውጥ ለቤተሰብ የራሱ ትርጉም ነበረው። ድሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጨዋታ ይመጣል፤ እናት ገበያዋንና ልብስ አጠባዋን በዚያው ልክ ታመቻቻለች። በአዲሱ አካሄድ ግን ለሳምንታት በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ይሆንና፣ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ለወራት ምንም የለም። እሑድ ብቻ የምታርፍ የባቱ አበባ እርሻ ሠራተኛ ወይም የወንጂ ነዋሪ እናት ቡድኗን በዓይኗ ለማየት የምታገኘው ዕድል በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተቆለለ ነው። ካመለጣት አመለጣት። ቴሌቪዥኑ አለ ትሉኝ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው የሚታየው ብዙውን ጊዜ በየመጠጥ ቤቱ ነው። እዚያስ ልጇን አስከትላ የምትገባ እናት ስንት ናት?

በመጨረሻ አባትየው «እንግዲህ ከጋዜጠኛዋ ጋር ከሆነ» ብሎ ፈቀደ። እኔ ምን ዓይነት ዋስ እንደሆንኩ አላውቅም፤ ብቻ አዳማ ከተማ በሚጫወትበት ቀን ሦስታችን ተነሣን። ወዳጄ የ9 ሰዓቱን ጨዋታ መረጠች፤ ሳይጨልም ለመመለስ ነው። ምሳ እቤት በልተን፣ ሁላችንም ሽንት ቤት ገብተን (ይህን ወዳጄ እንደ ሻለቃ ነው ያስፈጸመችው)፣ የባጃጁን ዋጋ መሄጃም መመለሻም አስቀድመን ተነጋግረን ወጣን።

በር ላይ የሴቶች ፍተሻ ለብቻው ነበር፤ ሴት ፖሊሶች ናቸው የሚፈትሹት። ሰልፋችን የወንዶቹን ሩብ እንኳ ስለማይሆን ከእነርሱ ቀድመን ገባን። ልጅቷ በዚህ በጣም ኮራች። ከውጭ ኦቾሎኒና ቆሎ፣ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡት ሁሉ ሴቶች መሆናቸውን ልብ ብያለሁ። አንዷን ጨዋታውን አይታ ታውቅ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እኔ የማውቀው ጩኸቱን ነው፤ ሲጮኹ ያገቡ ይመስለኛል፣ ዝም ሲሉ የገባባቸው» አለችኝ። ከአጥር ውጭ የቆምኩበት ያ ቀን ትዝ አለኝ።

የአዳማን ፀሐይ ለአዳማ ሰው አልነግረውም። ነፋሱም እንደዚያው። በከተማይቱ ዳርቻ ተራሮቹ ላይ የተተከሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ዓይን ውስጥ ይጨምራል። ነጠላችን ለዚህ በጀን። አንዱን ጫፍ ለልጅቷ ጭንቅላት፣ ሌላውን ለእኛ አደረግነው። የተቀመጥነው ደጋፊዎች ከበሮ ከሚመቱበትና ከሚዘሉበት ወገን ራቅ ብለን፣ ለመውጫው በቀረበው በኩል ነው። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ቆማ ነው ያየችው። የጨዋታው ውጤት የዚህ ዓምድ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

አባትየው የፈራው ስድብ መምጣቱ አልቀረም። ዳኛው አንድ ጥፋት ሲያልፍ ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ ብድግ ብሎ የዳኛውን እናት እዚህ ልጽፈው በማልችለው ቃል ሰደበ። ወዳጄ የልጇን ጆሮ ለመሸፈን እጇን ስታነሣ፣ ከጎናችን የነበሩ፣ የቡድኑን ስካርፍ በነጠላቸው ላይ የጠመጠሙ አንዲት አሮጊት ዞር አሉ። «ልጄ፣» አሉት ረጋ ብለው፣ «ያጠፋው እሱ፤ እናቱ ምን አደረገችህ? ይኸው እኔም እናት ነኝ፣ አጠገብህ ተቀምጫለሁ።» ሰውየው ወዲያና ወዲህ አየ። «ይቅርታ እማማ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዳኛውን መሳደቡን ባይተውም እናቱን አልነካም።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የማምነው ይህን ነው፦ ስድብ አለና ሴቶች አይግቡ የሚለው ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። እናት በሌለችበት ቦታ እናትን መስደብ ቀላል ነው። አሮጊቷ ባይኖሩ ያ ሰው እስከ መጨረሻው በቀጠለ ነበር። ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ መጣል አይገባም። የደጋፊ ማኅበራት የዜማቸውን ቃል ሊመርጡ፣ የሚያስተባብሩ ወጣቶቻቸውንም በዚህ ረገድ ሊገሥጹ ይገባል።

በዓለም ላይ ሴትን ከስታዲየም ያገደ አገር ነበር። በኢራን ሴቶች ወደ ወንዶች የእግር ኳስ ግጥሚያ እንዳይገቡ ለ40 ዓመታት ገደማ ተከልክለው ቆይተዋል። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ቴህራን በሚገኘው አዛዲ ስታዲየም ኢራን ካምቦዲያን 14 ለ 0 ባሸነፈችበት ቀን ከ3,000 የሚበልጡ ሴቶች ትኬት ቆርጠው ገቡ። በእኛ አገር በር ላይ ቆሞ «ሴት አትገባም» የሚል ሕግ የለም። እኛን እቤት የሚያስቀረን የተቆለፈ ሽንት ቤት፣ ባጃጅ የማይገኝበት ጨለማ መንገድና የጎረቤት ሐሜት ነው።

ሽንት ቤት እያልኩ በማብዛቴ የምትስቁብኝ ካላችሁ ይህን አስታውሱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አንድን ስታዲየም ለዓለም አቀፍ ውድድር ሲመዝን ከሣሩ ጀምሮ የመልበሻ ክፍሉን፣ የተመልካቹን ወንበርና መጸዳጃ ቤቱን ጭምር ይመለከታል። በአገራችን መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም በመጥፋቱ ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያንን የመሰለ ደስታ በባዕድ አገር ሜዳ አደረግነው።

አዲስ ስታዲየም መሠራቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ በተሠራው አዲሱ ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል፤ ሴቶችና ሕፃን ይገኙባቸዋል። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ እናቶች፣ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ በጊዜ ድረሱ፤ ሰው ሲተራመስ ከሰልፉ ወጥታችሁ ጥግ ያዙ፤ ጨዋታው ይቅርባችሁ። የስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በልጁ ኪስ አድርጉ። «ብንጠፋፋ እዚህ ጋ እንገናኛለን» ብላችሁ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ሱቅ አሳዩት። ጨዋታው ሲያልቅ ወይ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ ሕዝቡ እስኪቀንስ ተቀመጡ። የሚጠባ ሕፃን ግን በዚያ ፀሐይ ባይሄድ እመርጣለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመልሳችሁ። በዕረፍቱ ሰዓት «ሴቶችስ እዚህ ይጫወታሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በ2011 ዓ.ም. የሴቶች ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣው የገዛ ከተማዋ የአዳማ ከተማ የሴቶች ቡድን መሆኑን፣ በኋላ ወደ ማልታ ሄዳ የተጫወተችው ሎዛ አበራም በዚያ ዓመት የአዳማን ማልያ ለብሳ እንደነበር ነገርኳት። ስለ ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰም አነሣሁላት፤ በሙያዋ ፋርማሲስት የሆነችው ይህች ኢትዮጵያዊት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ ዳኝታለች። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እሷንም እናቷን ይሰድቡባታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ እራት ላይ ያየችውን ሁሉ ለአባቷ አንድ በአንድ ተረከችለት። «ስድቡስ?» አለ እሱ፤ ነገሩን አልረሳም። ልጅቷ የአሮጊቷን አነጋገር ከነድምፃቸው አስመስላ ደገመችው። አባትየው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወዳጄ የማታ ተረኛ ስለነበረች ልጅቷን ይዞ የሄደው እሱ ነው። በሴቶቹ መፈተሻ በኩል ብቻዋን ስለገባች ከውስጥ ቆማ ጠበቀችው አሉ። አሁን የቀረው የማልያው ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ያገኙት ሁሉ በትልቅ ወንድ ልክ የተሰፋ ሆነባቸው። ወዳጄ አንዱን ገዝታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ለማስጠበብ አስባለች፤ ከጀርባው ላይ ያለው ቁጥር እንዳይቆረጥ ግን ሰፊውን አስጠንቅቂልኝ ብላኛለች።