ይቅርታ የሚባለው ለማን ነው?

ባለፈው ዓመት አዲስ በመጣው የክፍላችን ልጅ አነጋገር እየቀለድን ቅጽል ስም አወጣንለት። መምህራችን ሰምተው ሲቆጡን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ይቅርታ ቲቸር!» አልን። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ወደ እሱ ዞር ያለ ግን አልነበረም።

የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ሚሽና ስለዚህ ነገር ግልጽ ነው። ዮም ኪፑር የተባለው የማስተስረያ ቀን ሰው በፈጣሪው ላይ የሠራውን በደል ያስተሰርያል፤ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን ይቅርታ ጠይቆ እስኪታረቅ ድረስ አያስተሰርይለትም። በ1204 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ ተበዳዩ እምቢ ቢል ሦስት ወዳጆችን ይዞ ደጋግሞ፣ እስከ ሦስት ጊዜ መለመን ይገባል ይላሉ። ሽማግሌ መላክ ለለመድን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

አንዳንዶቻችን «ቀልድ ነው፤ ይረሳዋል» ብለን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘግይተንም ቢሆን ሄድን። መጀመሪያ ዝም አለን፤ በሁለተኛው ጊዜ «እሺ» አለ።

እኚሁ ሊቅ እንደሚሉት ሙሉ ንስሐ የሚታወቀው ያው ፈተና ተመልሶ ሲመጣ ነው። ዘንድሮ ሌላ አዲስ ልጅ መጣች። ስም ሊወጣላት ሲል «ተዉ!» ያልነው እኛው ነን።

ስለዚህ መምህራንንና ወላጆችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ስናጠፋ ይቅርታውን እናንተ አትቀበሉን፤ ወደ በደልነው ልጅ ላኩን። ያ ከቅጣት ይከብዳል፤ የሚያስተምረንም እሱ ነው።