ኩባንያውና መምህሩ

ባዮሎጂን በቃሉ ብቻ ተምሮ ያለፈ ተማሪ ብዙ ነው። ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ቢጠይቁት እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል፤ በምን እንደሚቆረጥና በምን እንደሚቀጠል ግን በዓይኑ አላየም። በእርሱ አይፈረድም፤ እኛም መምህራኑ በጠመኔ ሥለን ከማሳየት በቀር ብዙ አቅም የለንም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ያለውም በኩባንያዎች ዘንድ ነው። ታዲያ ባለ መሣሪያውና ባለ ጠመኔው በአንድነት ቢሠሩ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆን ነገር በአሜሪካ አለ።

በካሊፎርኒያ በታውዘንድ ኦክስ ከተማ በ1980 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ) አምጀን የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው ሕይወት ያላቸውን ሕዋሳት እንደ ሠራተኛ ቀጥሮ መድኃኒት ማሠራት ነው ቢባል ያስኬዳል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ይህን ዘዴ በከፊል ያውቁታል፤ በጋን ውስጥ የሚደክመው እርሾው ነውና። ልዩነቱ፥ ሊቃውንቱ ለደቃቁ ፍጥረት አዲስ ትእዛዝ ጽፈው በውስጡ ማስገባታቸው ነው። የነቀርሳ ሕክምና ነጭ የደም ሕዋሱን ላሳነሰበት በሽተኛ የሚሰጠው ፊልግራስቲም፥ በ1991 በአሜሪካ የተፈቀደው፥ ኢ. ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ እንዲህ የተሠራ ነው።

እንግዲህ በ1990 የዚሁ ኩባንያ ጥቂት ሳይንቲስቶችና የአካባቢው መምህራን ተገናኝተው፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህንኑ ሥራ በገዛ እጁ የሚሠራበትን ትምህርት አሰናዱ። አሠራሩ ቀላል ነው። አስቀድሞ መምህሩ ራሱ ይሠለጥናል። ከዚያ በኋላ መሣሪያውና መድኃኒቱ ተሟልቶ በውሰት ይመጣለታል፤ በገዛ ክፍሉ አስተምሮ ሲጨርስ መሣሪያውን ይመልሳል፥ እርሱም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ወጪውን የሚችለው የኩባንያው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አምጀን ባዮቴክ ኤክስፒሪየንስ የተባለው ይህ ትምህርት ከዚያ ወዲህ እስከ አየርላንድ፥ እስከ ጃፓንና እስከ አውስትራሊያ ደርሶ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ተምረውበታል።

ተማሪው የሚሠራው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ማይክሮፒፔት መያዝን ይለማመዳል፤ ይኸውም አንዲት የውሃ ጠብታ ለ50 ያህል ብትከፈል ከዚያ አንዱን እጅ ለክቶ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ ፕላዝሚድ የሚባለውን የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት በኤንዛይም ይቆርጣል፤ በሌላ ኤንዛይም ደግሞ ከባሕር እንስሳ የተገኘውን፥ ቀይ ፕሮቲን የሚያሠራውን ጅን ይቀጥልበታል። ከዚያም ባክቴሪያውን ከበረዶ አውጥቶ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ 42 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ያቆየዋል፤ በዚህ ድንጋጤ ጊዜ ከባክቴሪያዎቹ ጥቂቶቹ ቀለበቱን ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ። አራቢኖዝ የሚባል ስኳር ባለበት ሳሕን ላይ ሲያድጉ እነዚህ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ስኳሩ በሌለበት ሳሕን ላይ ግን ጅኑ እያለ ቀለሙ አይወጣም። ጅን መያዝና በጅን መሥራት ሁለት ነገር መሆኑን ለማስረዳት እኔ አንድ ሳምንት በጠመኔ ብደክም ያን ያህል አይገባም።

በዚህ ሁሉ እኔ ከመሣሪያው ይልቅ የማደንቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ማይክሮስኮፕ በስጦታ አግኝቶ፥ የሚያሠራ ሰው ስለ ጠፋ ከነካርቶኑ ቆልፎበት የሚኖር ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ሰጭው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሄዷል። እዚህ ግን አስቀድሞ የሚሰጠው ለመምህሩ እውቀት ነው፤ በክፍሉም ፊት የሚቆመው እርሱ ነው።

ኩባንያ ለነፍሱ ብቻ ይሠራል የሚል የዋህ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ነገ የሚቀጥረውን ሠራተኛ ያዘጋጃል፤ ስሙንም በልጆች ልብ ያኖራል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን መምህሩ ሊያውቀው ይገባል። ስለ ኢንሱሊን ማንሣት ይበቃል። ያገኙት ሰዎች በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር አስረከቡ። በ1978 ጀኔንቴክ የተባለው ሌላ ኩባንያ የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ አሠራ፤ መድኃኒቱም በ1982 ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጥበብ ከተሠሩት አንዱ ሁማሎግ፥ በአሜሪካ በ1996 ሲወጣ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ 21 ዶላር ያህል ነበረ፤ በ2019 የተመዘገበው ዋጋ 275 ዶላር ያህል ደረሰ፤ በ2023 ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ አምራቹ ቀነሰው።

ቀዩን ባክቴሪያ በገዛ እጁ ያሳደገ ልጅ፥ «እንግዲያው ባክቴሪያ በነጻ የሚሠራው መድኃኒት ስለምን ይህን ያህል ያወጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የምርምሩ ወጪ አለ፥ የፋብሪካው ንጽሕና አለ፥ የፈጠራ መብት አለ፥ ትርፍም አለ። ይህን እንዲያስተምር ከኩባንያው አልጠብቅም። ከሙከራው ሰዓት ቀጥሎ ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢተርፍ፥ የሚመራውም መምህሩ ራሱ እንጂ ከኩባንያው የመጣ እንግዳ ባይሆን እወዳለሁ።