ጀነሬተሩ ከጀልባው ይውረድ

በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን ትንሽ ጀነሬተር የገዛ ሰው ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም ያንኑ ነገር በየዓመቱ ይደጋግመዋል፦ ከቤት ውጭ ብቻ ይነሳ፣ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ያህል ይራቅ፣ የጭስ ማውጫው ሰው ወደሌለበት ይዙር። ይህን ማስጠንቀቂያ ይዘን 7 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ላይ እንውጣ። ጀነሬተሩን ከኋላ ጥግ ብናስቀምጠው ሰው ከሚተኛበት ካቢን 2 ወይም 3 ሜትር ቢርቅ ነው። ወደ አፍንጫው ብንወስደው ደግሞ ነፋሱ ጭሱን በመስኮት ይመልሰዋል። ትንሽ ጀልባ ላይ 6 ሜትር የሚባል ርቀት የለም። ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ግን አያልቅም። «ሜዳ ላይ ነን፣ አየሩ እንደ ልብ ነው፣ ጭሱ የት ይቀመጣል?» የሚለው መልስ በየአገሩ ጀልባ ያላቸው ሰዎች አፍ ላይ ነው። መብራት፣ ፍሪጅ፣ ሙዚቃ፣ የስልክ ቻርጀር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታሰበው ጀነሬተር ሆኗል። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ባለሙያ ጠርቶ ማስገጠም አያስፈልገውም። እኔ የምቃወመው ይህን ቀላል የሚመስል መፍትሔ ነው፤ ሰው ስለሚገድል።

እንግሊዝ አገር ዊንደርሚር የሚባል ሐይቅ አለ፤ በአገሩ ትልቁ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2013፣ የእነሱ ፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አርኒስተን በምትባል የመዝናኛ ጀልባ ላይ አንዲት እናትና የ10 ዓመት ልጇ በተኙበት ሞቱ። የአገሪቱ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ጀልባዋን ፈትሸው ያገኙት ነገር እያንዳንዱ ጀልባ ባለቤት ሊያውቀው ይገባል። ጀነሬተሩ ለሜዳ ሥራ የተሠራው ተንቀሳቃሹ ዓይነት ነበር። እሱን ከሞተሩ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦና ማርሚታ በእጅ ሥራ ቀጥለውለታል። ቅጥያው ተላቀቀ። ጭሱ የሞተሩን ክፍል ሞላ፤ በግድግዳው ክፍተቶች አልፎም እናትና ልጅ ወደተኙበት ክፍል ገባ። ጀልባዋ በጭሱ ውስጥ ስላለው መርዛማ ጋዝ፣ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነበራት፤ ያን ቀን ግን አይሠራም ነበር።

ይህን ታሪክ ከሌሎች አስበልጬ የማነሳው ስህተቱ እንግዳ ስላልሆነ ነው። ቱቦ መቀጠል፣ በሽቦ ማሰር፣ ያለውን ነገር ለሌላ ሥራ ማዋል በየጋራዡ የሚመሰገን ሙያ ነው። ሰው ብልሃተኛ የሚባለውም በዚህ ነው። ጀነሬተር ግን ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፤ ጀልባውም በበኩሉ ይወዛወዛል። በሽቦ የታሰረ ነገር በእንዲህ ያለ ቦታ መላቀቁ አይቀርም፤ የሚላቀቀው ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች ከዚያ ቀን ልክ 6 ዓመት በኋላ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 ጀምሮ፣ በአገር ውስጥ የውሃ መስመሮቻቸው ላይ ማረፊያ ክፍል ያለው ጀልባ ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው አስገደዱ። ጥሩ አደረጉ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የመጨረሻው መከላከያ ነው እንጂ ጀነሬተሩን ጀልባ ላይ የማስነሻ ፈቃድ አይደለም። አርኒስተን ላይም መሣሪያው ነበረ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ከያዘ በኋላ ንጹህ አየር ቢተነፍሱም ግማሹ እንኳ ከደም እስኪወጣ 4 እና 5 ሰዓት ይፈጃል። ለአገራችን ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰል ደጅ ላይ ተቀጣጥሎ፣ ፍም ሆኖ፣ «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ቤተሰብ ሙሉ ሲፈጅ ሰምተናል። ያለቀው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው፤ ፍሙ ጋዙን መልቀቁን አላቆመም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተመትቶ መብራት ሲጠፋ፣ ሂዩስተን ውስጥ ለሙቀት ብለው ጋራዥ ውስጥ ባስነሱት መኪና አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ትንሽ ልጇ ሞተዋል። የከሰሉም፣ የመኪናውም፣ የጀነሬተሩም ጋዝ አንድ ነው።

ጀልባ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ መከራ አለ። የጋዙ መመረዝ ሲጀምር ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ውሃ ላይ ይህ ሲደርስ ሰው ሁሉ «ማዕበሉ ነው» ይላል። የታመመውንም ሰው «ግባና ትንሽ ጋደም በል» ብለው ወደ ካቢን ያስገቡታል። በርኅራኄ ወደ ባሰው ቦታ ይልኩታል ማለት ነው። ደረቅ መሬት ላይ ያለ ሰው ራሱን ሲያመው በሩን ከፍቶ ወደ ደጅ ይወጣ ይሆናል፤ የጀልባ መንገደኛ ግን ወዴት ይወጣል?

ስለ ክፍት አየርም እንነጋገር። ወደ ፊት የሚሄድ ጀልባ ከጀርባው ያለውን አየር ወደ ራሱ ይስባል፤ ከኋላ የወጣው ጭስ ተመልሶ ተሳፋሪው መሐል ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲበርድ ሸራው በጎንና በጎን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ክፍት የነበረው ጀልባ ቤት ሆነ። ጀልባው ባይንቀሳቀስም፣ ሸራ ባይኖርም አደጋው አይቀርም። በኦገስት 2000 አሜሪካ ውስጥ ሌክ ፓወል በሚባል ሐይቅ ላይ የ8 እና የ11 ዓመት ወንድማማቾች የሞቱት ሲዋኙ ነው። የጀልባው ጀነሬተር ጭሱን የሚያወጣው ከኋላ ካለው መውጫ ወለል ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ በእንዲህ ያሉ ጀልባዎች ላይ የመንግሥት ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ ለሕይወት እጅግ አስጊ ከሚባለው 1,200 ፒፒኤም ብዙ እጥፍ የሆነ ጋዝ በወለሉ ሥር አግኝተዋል። ያ ጀነሬተር ደግሞ በፋብሪካ የተገጠመ እንጂ ከገበያ ተገዝቶ የተቀመጠ አልነበረም። በሥርዓት የተገጠመው ሜዳ ላይ ሕፃናትን ከገደለ፣ በገመድ የታሰረውን በምን እንመነው?

«የእኔ ኢንቨርተር ጀነሬተር ነው፣ ድምፅ እንኳ የለውም» የሚሉ አሉ። ድምፁ መቀነሱ የባሰ ያስፈራኛል፤ ጩኸታሙን ጀነሬተር ሰው ሲተኛ ያጠፋዋል፣ ዝምተኛውን ግን ትቶት ይተኛል። ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከጀሪካን ወደ ጋለ ጀነሬተር ሲገለበጥ የወጣው ትነት ወደ ጀልባው ሆድ ይወርድና እዚያው ይተኛል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በባትሪ የሚሠራው 12 ቮልት ሰው አይገድልም፤ 220 ቮልት በኤክስቴንሽን እርጥብ ወለል ላይ ሲጎተት ግን ይገድላል።

ወደ አገራችን ሐይቆች ስንመጣ ማንም የማያነሳው ጉዳይ አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐዋሳም ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። የትንሹ ጀነሬተር ካርቡሬተር ደግሞ በአብዛኛው የሚስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ጣና ላይ ሲነሳ ቤንዚኑ እንዳለ ይገባል፣ አየሩ ግን ያንሰዋል። በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማለት ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ነው። ጉልበቱም በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከባህር ዳር ተነስቶ ወደ ዳጋ ወይም ወደ ክብራን የሚሄድ ጀልባ ላይ የሚነሳ ጀነሬተር፣ ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ ከታሰበው የባሰ መርዝ እየለቀቀ ያነሰ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ከዚህ ማሽን የበለጠ መጠንቀቅ ሲገባው እኛ ጉዳዩን ከነጭራሹ አናነሳውም።

ይህን ሁሉ አደጋ የምንሸከመው ደግሞ ለስንት ዋት ነው? እንደምረው። 5 ዋት የሆኑ 4 የኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት-ሰዓት ይበላሉ። 6 ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 90 ይበቃል። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ በቀን 400 አካባቢ ይፈልጋል። ለሬዲዮና ለውሃ መግፊያ ፓምፕ 60 እንጨምር። ጠቅላላው 650 ነው። 200 ዋት የሆነ ሶላር ፓኔል በጀልባው ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ከ700 በላይ ይሰጣል። አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ወደ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ፀሐይ ጨርሶ ባይወጣ እንኳ ለሁለት ቀን የሚጠጋ ነው። የሊድ ባትሪ ከሆነ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ስለሆነ ሁለት መግዛት ያስፈልጋል። የጀልባው ሞተር ቻርጅ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ እግረ መንገዱን ይሞላዋል። 2,000 ዋት የሚሰጥ ማሽን ቀኑን ሙሉ እያንባረቀ 50 ዋት ለማብራት ቤንዚን የሚጠጣበት ምክንያት የለም። ቤንዚኑም ስንት ሰዓት ወረፋ ተይዞ የሚገኝ መሆኑን የክልል ከተማ ሰው ያውቀዋል።

የመነሻ ወጪው ይከብዳል፤ አልክድም። ባትሪና ፓኔል በአንድ ጊዜ የሚጠይቁትን ገንዘብ ጀነሬተር አይጠይቅም። ከባዱን ዕቃ፣ ማለትም ማንቆርቆሪያውን፣ ምድጃውን፣ አየር ማቀዝቀዣውንም ባትሪው አይችለውም። እነዚህ ዕቃዎች ግን ትንሽ ጀልባ ላይ ባይወጡስ? ቡናው ወደቡ ላይ ፈልቶ በፔርሙዝ ይሄዳል። እንግዳ ደስ ይበለው ተብሎ የእንግዳው ልጅ የሚታፈንበት መስተንግዶ መስተንግዶ አይደለም።

ጀነሬተር ያለው ሰው ይጣለው አልልም። ወደብ ላይ፣ ከጀልባውም ከሰውም ርቆ ይነሳ፤ ባትሪውን ይሙላ፤ ባትሪው ጀልባ ላይ ይውጣ፣ ጀነሬተሩ መሬት ላይ ይቅር። ፈቃድ የሚሰጠው አካል የሕይወት ጃኬት ሲቆጥር ጀነሬተር መኖሩንም ይይ፤ ካለም ሳይወርድ ጀልባው አይንቀሳቀስ። የጀልባ ማኅበራትም ይህን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስገቡት ከማንም ቀድመው የሚጠቀሙት የራሳቸው ነጂዎች ናቸው፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይሄዳል፣ ነጂው ግን ከማሽኑ አጠገብ ይውላል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ጀነሬተር በተነሳበት ጀልባ ላይ አንድ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ፣ ማሽኑ ወዲያው ይጥፋ፣ ካቢን ውስጥ ያለው ሁሉ ይውጣ፣ ጀልባው ወደ ዳር ይዙር። ሐኪም ቤት ሲደረስ ደግሞ «ጀነሬተር ተነስቶ ነበር» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው መለየት አይችልም፤ ሰውየው እየሞተ ቁጥሩ ደህና ነው ሊል ይችላል። ሐኪሙ ነገሩን ካልሰማ የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል፤ ከሰማ ግን ደሙን ያስመረምራል፣ ንጹህ ኦክስጅንም ወዲያው ያስጀምረዋል።