የበጉን ልብ ሳይከተፍ ያቆዩላት

ልጅዎ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ «የልብ የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ይወፍራል» እያለች በቃሏ ስታጠና ሰምተው ይሆናል። ለምን እንደሚወፍር ቢጠይቋት ግን ዝም ትል ይሆናል። በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ የተማረ ተማሪ ሁሉ ይህ ይገጥመዋል።

እንግዲህ ለበዓል በግ ሲታረድ ልቡን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩላት። እንደ ሰው ልብ ባለ አራት ክፍል ነው። ከላይ እስከ ታች ትሰንጥቀውና ሁለቱን ግድግዳዎች በጣቷ ትዳስስ። ቀኙ ደም የሚገፋው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ መላክ አለበት። ነጫጮቹ ክሮች ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሮቹን ወጥረው የያዙ ናቸው። ከዚያ ልቡ ታጥቦ ወደ ድስቱ ይገባል፤ የሚባክን ነገር የለም። ሽንኩርቱን ለዚያች ሰዓት ወንድሟ ይላጥ።

ሥጋ በየቀኑ አይገኝምና በአዘቦቱ ቀን ድንች ይበቃል። አንዱን ቁራጭ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውሃ ነክራ ታሳድር፤ የትኛው እንደሚልፈሰፈስና ምክንያቱንም ከመተኛቷ በፊት በደብተሯ ትጻፍ። ጠዋት በጨው ውሃ ያደረውን ስታጥፈው እሺ ይላታል፤ ውሃው ከድንቹ ወጥቶ ወደ ጨው ሄዷል። መምህሯ ኦስሞሲስ የሚሉት ይህንኑ ነው።