አውቶማቲክ መኪናን እንደ ላዳ የሚጎትት አገር

«አውቶማቲክ ለክፍለ ሀገር አይሆንም።»

ይቺን አባባል ያልሰማ የአሰላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጋራዥ ውስጥ ትሰማለች፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ትሰማለች፣ ዕቁብ ደርሶት መኪና ሊገዛ ያሰበ መምህር ምክር ሲጠይቅ መጀመሪያ የምትወረወርለት እሷ ናት። ማስረጃውም አብሮ ይመጣል፦ «የእገሌን ቪትዝ አላየህም? ባትሪ ሞተባት፣ ከኢተያ አሰላ ድረስ በትራክተር ጎትተው አመጧት፣ ካምቢዮዋ ተቃጠለ። አውቶማቲክ ስስ ነው ወንድሜ!»

ልብ በሉ። የሞተው ባትሪ ነው። የተቃጠለው ካምቢዮ ነው። ባትሪ ሲሞት ካምቢዮ የሚቃጠልበት አንዳችም ምክንያት የለም። በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር ተደርጓል፤ ያደረግነውም እኛ ነን። ግን ጥፋተኛ ሆና የተፈረደባት መኪናዋ ናት።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማኑዋል ካምቢዮ ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ የሚኖር ነው። ሞተር ቢጠፋም ጎማው ሲዞር ጥርሶቹ ራሳቸው ዘይቱን እየረጩ ይቀባባሉ። ስለዚህ ላዳን ፎሌ ላይ አድርገህ ብትጎትታት ችግር የለም። ባትሪ ከሞተም ሦስት ጎረምሳ ይገፋታል፣ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ፣ ትነሳለች። አባቶቻችን በዚህ ኖረዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ፍጥረት ነው። ዘይቱን ወደየቦታው የሚረጨው ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተር ከጠፋ ፖምፓው ቆመ፣ ዘይቱም ከታች ተኛ። አንተ ግን ጎማዎቹን መሬት ላይ እያስሮጥክ ነው፤ ጎማው ደግሞ የካምቢዮውን የውስጥ ዕቃ ያዞራል። ኩሽኔታውም የፍሪሲዮን ሸራዎቹም በደረቁ ይፋተጋሉ። ወጥ የሌለበትን ድስት እሳት ላይ እንደመጣድ ነው። ገፍቶ ማስነሳትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የዛሬዎቹን አውቶማቲኮች የኢተያ ሕዝብ ተሰብስቦ ቢገፋቸው አይነሱም።

ይህ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። መኪናው ሲሠራ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፎ አብሮት ይመጣል። አንዳንዱ አምራች የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው እንዳይጎተት ፈጽሞ ይከለክላል። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ለተወሰኑ የቶዮታ ሞዴሎች፣ ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ፣ ፎሌ ላይ ሆኖ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት፣ በደህና መንገድ ለአጭር ርቀት ይፈቅዳል። ትራክተር ጀርባ ታስሮ በጎንዴ በኩል አሰላ ድረስ መውጣት አጭር ርቀት የሚባለው በየትኛው ቋንቋ ነው? መመሪያው በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ፤ ጃፓንኛ፣ አረብኛ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቻይንኛ። አንድ አስመጪ ዘንድ ደውዬ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ ነገር እንዳላቸው ብጠይቅ «ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» የሚል መልስ አገኘሁ። የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሸጦ «ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል»!

እና ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ያቺ ቪትዝ መጎተት አልነበረባትም። የሞተው ባትሪዋ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ማስነሳት ነው። ከፊቷ ገመድ ታስሮለት የቆመው ትራክተር ራሱ ባትሪ ተሸክሟል፤ አብዛኞቹ የእርሻ ትራክተሮች ደግሞ እንደ ቪትዟ ባለ 12 ቮልት ናቸው። ቮልቱን አይቶ፣ ቀዩን ከፕላስ ፕላስ አገናኝቶ፣ የጥቁሩን አንድ ጫፍ ከትራክተሩ ማይነስ፣ ሌላውን ጫፍ መጨረሻ ላይ ከሞተችው መኪና ሞተር ብረት ላይ አስሮ፣ ጥቂት ጠብቆ ሞተሪኖውን መምታት ነው። በቃ። ሐኪሙ ደጅ ቆሞ ሬሳ ተሸክሞ እንደመሮጥ ሆነብን። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ የጭነት አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው። ሾፌሩ ደግ ሆኖ ቢቆምላችሁም ከሱ ባትሪ በቀጥታ አታስነሱ፤ የትንሿን መኪና ኤሌክትሮኒክስ ያነደዋል።

በነገራችን ላይ ባትሪ በእኛ መንገድ ላይ በብዛት መሞቱ ራሱ ምክንያት አለው። ባትሪን ቀስ እያለ የሚጨርሰው ሙቀት ነው፤ ድካሙ የሚታወቀው ግን በብርድ ነው። አዳማ ሲውል ሲያድር ደህና የመሰለ ባትሪ ሳጉሬ ወይም በቆጂ አንድ ሌሊት ካደረ ማለዳ ላይ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቀራል። የገደለው የአዳማ ሙቀት፣ ሞቱን ያወጀው የበቆጂ ብርድ ነው። ስለዚህ ወደ ደጋ ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪውን ማስለካት፣ ኬብልም መያዝ ነው። ኬብሉ ከተጠባባቂ ጎማ የበለጠ ቦታ አይዝም።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ይህን ማን ሊነግረን ይገባ ነበር?

አርሲ ውስጥ ትራክተር እንዴት እንደገባ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው አሰላ ላይ ካዱን፣ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ሲያቋቁሙ ዕቃ አራግፈው አልሄዱም። የግብርና ሠራተኛ ገበሬው ማሳ ድረስ ይወርድ ነበር፣ ሞዴል ገበሬ ይሠለጥን ነበር፣ የእርሻ መሣሪያ የሚሞከርበትና ለአካባቢው የሚመች ተደርጎ የሚሠራበት ክፍል ነበር። (ትራክተሩ ስንቱን ጭሰኛ ከመሬቱ እንዳስነሳ አውቃለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ዶሴ ነው፣ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።) ዋናው ነገር መሣሪያው ከነዕውቀቱ መጣ። የአርሲ ገበሬ ዛሬ ኮምባይነር ሲበላሽ በድምፁ ብቻ የታመመውን ቦታ የሚነግርህ ለዚህ ነው።

አውቶማቲክ መኪና ግን ብቻውን መጣ። እኔ መንጃ ፈቃድ ስማር የተማርኩት በማኑዋል ነው፤ የመለማመጃ ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ ዛሬም በብዛት የሞላው ማኑዋል ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 በ2010 ወጥቷል፤ ሥልጠናውም ፈተናውም በሕግ የታሠረ ነው። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መያዝ ያቃተው ይወድቃል፣ ጥሩ። ነገር ግን ሠልጣኙ ፈቃዱን ተቀብሎ ከበር ሲወጣ የሚነዳው አውቶማቲክ ነው፤ ባትሪ ሲሞት ማርሹ ከፒ አልወጣም እንደሚል፣ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ባለች ትንሽ ክዳን ሥር የሚጫን ማላቀቂያ እንዳለ፣ የሚጎተት ከሆነ የሚነዱት ጎማዎች መነሳት እንዳለባቸው የነገረው የለም። መንግሥት የማይነዳውን መኪና አስተምሮ፣ የሚነዳውን ሳያስተምር ፈቃድ ይሰጠዋል።

ዋጋውን ደግሞ አስቡት። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ፣ አሮጌ ቪትዝ እንኳ የቤት ያህል ንብረት ሆናለች። ካምቢዮ ማስቀየር የብዙ ወር ደሞዝ ይበላል። ኢንሹራንስ ልትል ትችላለህ። ሦስተኛ ወገን ያንተን ካምቢዮ አይመለከትም፤ ሙሉ ዋስትና የሚባለውም በተለምዶ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽትን ከውሉ ያስወጣል። ስለዚህ ጠቅላላ ሂሳቡ የባለቤቱ ነው።

አንዳንዶች «ዝም በል፣ ይሄ የአሮጌ መኪና ችግር ነው፣ አሁን ኤሌክትሪክ መጥቷል» ይሉኛል። እንዲያውም የኔ ስጋት የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ነግረውናል። ውሳኔውን ለመተቸት አልመጣሁም፤ ነዳጅ በዶላር የምንገዛ አገር ነን። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዳለው ስንቱ ገዢ ያውቃል? በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው እሱ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ 80 በመቶ ሞልቶ እያለ መኪናው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በገመድ ብትጎትተው ደግሞ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩም ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፤ የሚያመነጨው ኃይል ማንም ሳይቆጣጠረው ውድ የሆነውን ዕቃ ሊያቃጥል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ብዙዎቹ አምራቾች የሚሉት አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ይጫን ነው። ባይዲና አይዲ ፎር አዲስ አበባ ቀርተው አይቀሩም፤ ለአርሲ ሠርግ እየመጡ ነው። እነሱም ነገ ኢተያ ላይ ይቆማሉ፣ ገመዱም ይመጣል።

የሰው ሕይወትም አለበት። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሯ የጠፋ መኪና ፍሬኗ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፣ መሪዋም ይከብዳል። እሷን በአራት ሜትር ገመድ አስረህ፣ ጋሪና ከብት በሚሻገርበት፣ ገበያተኛ በሞላበት የዴራ ቁልቁለት መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

«ታዲያ ሎቤድ ከየት ይምጣ? አሰላ እኮ ነው!» የሚል ይኖራል። አሰላ ስለሆነ ነዋ! በአጨዳ ወቅት ከአርሲ ባሌ፣ ከባሌ አርሲ ኮምባይነር በሎቤድ ሲጋዝ በየዓመቱ እናያለን። ያን ሁሉ ብረት ከማሳ ማሳ የሚያመላልስ አገር አንዲት ቪትዝ መጫን አቅቶት አይደለም። የጎደለው የማን ስልክ ላይ እንደሚደወልና ስንት እንደሚከፈል የሚታወቅበት መንገድ ነው። የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መኪና የሚጭኑ ባለንብረቶችን መዝግቦ፣ ስልክና ዋጋቸውን በየማደያው ቢለጥፍ በጀት አይጠይቀውም። እስካሁን ግን መንገድ ላይ የቆመ ሰው ያለው ምርጫ ወይ ከአዳማ ክሬን አስመጥቶ የተጠየቀውን መክፈል፣ ወይ ትራክተሩ ነው።

ትራክተር ነጂውን አልወቅሰውም። ሥራውን አቁሞ፣ ገመዱን አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ሳይቀበል የሚረዳ ሰው ነው። የምወቅሰው «አሥር አውቶማቲክ ጎትቻለሁ፣ ምንም አልሆኑም» የሚለውን መካኒክ ነው። የዚያን ዕለት ምንም አይሆኑማ! ሸራው የተለበለበ ካምቢዮ ወር ሁለት ወር ይሄዳል። ከዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፤ ማርሽ ሲቀይር ይደነግጣል። ባለቤቱም ወደዚያው መካኒክ ይመለሳል። መካኒኩ ራሱን እየነቀነቀ «ነግሬህ ነበር፣ አውቶማቲክ ለክፍለ ሀገር አይሆንም» ይለዋል፣ ሂሳቡንም ይቀበላል።

የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ምርጫ ያለው ጥያቄ ነው። «ባትሪው የሞተ አውቶማቲክ መኪና ምን ይደረጋል?» የሚል አንድ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሌላ አንድ ጥያቄ ለመጨመር አዋጅ ማሻሻል አያስፈልግም። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።